ጠግቦ አይደለም

ደሴ ላይ ጠብ ለመጀመር ዓይን ይበቃል። ሁለት ጎረምሶች ፒያሳ አካባቢ ይተላለፋሉ። አንዱ ቀና ብሎ ያያል። «ምን ታፈጣለህ?» ይላል ሌላው። «ባፈጥስ?» ይመጣል መልሱ። ከዚያ ጃኬት ይወልቃል፣ ድንጋይ ይፈለጋል፣ ገላጋይ ይሯሯጣል። አላፊ አግዳሚው ፍርዱን ለመስጠት ጊዜ አይፈጅበትም፦ «ጠግበው ነው!»

እኔ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ማታ የተደባደበውን ልጅ ጠዋት ከንፈሩ አብጦ አገኘዋለሁ። «ምን ሆናችሁ ነው?» ስለው ብዙ ጊዜ የሚመልስልኝ አንድ ነገር ነው፦ «አየኝ።» ገንዘብ አልተወሰደበትም፤ እናቱ አልተሰደበችም። አየኝ፣ አለቀ። ይህን መልስ እንደ ሰበብ አላየውም። ልጁ የሚነግረኝ እውነቱን ነው። በዚያ ዓይን ውስጥ ያየው ነገር አለ። ያንን እንዲያይ ማን አስተማረው የሚለው ነው እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ።

በአሜሪካ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሴዝ ፖላክ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ከባልደረባው ጋር ባሳተመው ጥናት ለልጆች የሰው ፊት ፎቶ ያሳያሉ። ፎቶው መጀመሪያ ብዥ ያለ ነው፤ ቀስ በቀስ እየጠራ ይሄዳል። የተቆጣ ፊት ሲሆን፣ ቤታቸው ውስጥ እየተደበደቡ ያደጉት ልጆች ከሌሎቹ ቀድመው ለዩት። ፎቶው ገና ሳይጠራ፣ ሌላው ልጅ ምኑም ሳይገባው፣ እነሱ ቁጣውን አይተውታል።

ይህን ሳነብ «አየኝ» የሚለው መልስ ገባኝ። አባቱ ሲቆጣ ቀበቶ የሚፈታበት ልጅ ፊት ማንበብ ግዴታው ነው። የግቢው በር እንዴት እንደተከፈተ፣ ጫማው እንዴት እንደተወረወረ፣ «እንዴት ዋላችሁ» የምትለው ቃል በምን ድምፅ እንደወጣች ያውቃል። ከዚያ ተነስቶ ዛሬ እራት ይበላል ወይስ አልጋ ሥር ይገባል የሚለውን ይወስናል። ሰባት ዓመት ሳይሞላው የተካነው ችሎታ ነው። ብዙ ጊዜም አድኖታል። ግን ከቤት ሲወጣ ችሎታውን እዚያው ጥሎት አይወጣም። ሌባው ከሄደ በኋላም ጥበቃውን እንደማይተው ዘበኛ፣ ቁጣው ቀን ከሌት ቆሞ ያድራል። ታክሲ ሊጠብቅ የቆመ ሰው ሐሳብ ይዞት አሻግሮ ሲያይ፣ ልጁ ዘንድ የሚደርሰው የአባቱ ዓይን ነው።

ኬኔት ዶጅ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጡት ጥናትም ወደዚሁ ይወስደናል። መዋዕለ ሕፃናት ሳይገቡ ጀምሮ የተከታተሏቸው ልጆች ነበሩ። በዚያ ዕድሜ አካላዊ ጉዳት የደረሰባቸው ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ተደባዳቢ ሆነው ተገኙ። አንድ ልጅ ሳያስበው ሲገፋቸው «ሆን ብሎ ነው» ወደ ማለቱ ያጋድላሉ። እኛ ኮሪደር ላይ በየቀኑ የምናየው ይኸው ነው። በር ላይ ተጨናንቀው ሲወጡ ትከሻ ለትከሻ ይነካካሉ። ሠላሳው ልጅ ምንም ሳይመስለው ያልፋል። አንዱ ይዞራል።

ወንድሜ ፀጉር አስተካካይ ነው። ስለ ደሴ ጎረምሶች ከማንም አስተማሪ የበለጠ እሱ ያውቃል ብዬ አምናለሁ። ጎኑ በዜሮ ይቆረጥልኝ ያለ ልጅ ከፀጉሩ ሥር ያለውን ሁሉ ለሱ ያሳያል። ቶንዶሱ ሲያልፍ ጠባሳው ብቅ ይላል። «ይሄ ምንድነው?» ሲል መልሱ ሁልጊዜ «ወድቄ ነው» ነው። ወንድሜ አይከራከርም። ማታ ቤት ሲመጣ ግን «ወድቆማ ቢሆን ግንባሩ ነበር የሚፈነከተው፤ የዚህ ከኋላ ነው» ይለኛል።

አንድ ደንበኛ አለው፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚፈራው። ድምፁ ጎርናና፣ እጁ ፈጣን። ያ ልጅ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ወንድሜ አንድ ነገር አይረሳም። ከኋላው ከመምጣቱ በፊት በመስታወቱ ዓይኑን ያየውና «አንገትህ ጋ ልመጣ ነው» ይለዋል። አንዴ ሳይነግረው በብሩሽ ማጅራቱን ቢነካው ልጁ ዘሎ ተነስቶ በሩ ጋ ደርሷል። ከዚያ ወዲህ ቢነገረውም የወንበሩን እጀታ በሁለት እጁ ጨምድዶ ነው የሚጨርሰው። እኔም ቆሜ አይቻለሁ። ጣቶቹ ነጭ ይሆናሉ። ሰፈር የሚያሸብረው ጎረምሳ ብሩሽ ይፈራል። ይህን ያየ ሰው «ጠግቦ ነው» ብሎ ሊያልፈው አይችልም።

አሁን ስለ ዱላ እናውራ። በርበሬ የታጠነ ልጅ ስንት ነው በመካከላችን? በኤሌክትሪክ ገመድ የተገረፈ፣ ጠጠር ላይ የተንበረከከ? «እኛንም እየገረፉ ነው ያሳደጉን፤ ታዲያ ምን ሆንን?» የሚል ሰው በየቡናው አለ። ምን እንደሆንን ማየት ከባድ አይደለም። ከልጁ ጋር ሳይጮህ ማውራት የማይችል፣ «ይቅርታ» ማለት ሞት የሚመስለው፣ ሲከፋው አልቅሶ የማያውቅና ሲብስበት ብቻ የሚፈነዳ ስንት አባወራ አለን! የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካላዊ ቅጣት ነጻ መሆናቸውን ደንግጓል። ቤት ግን ሌላ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ልጅን ማንገላታት ያስቀጣል ይልና፣ ለመልካም አስተዳደግ ሲባል የሚወሰድን ሕግን የማይቃረን የዲሲፕሊን እርምጃ ይተወዋል። የማይቃረነው የትኛው እንደሆነ የሚለካው ደግሞ ገራፊው ራሱ ነው።

ወሎ የፍቅር አገር ነው እንላለን። እውነትም ነው። ከአቦል እስከ በረካ አብሮን የሚቀመጥ ጎረቤት አለን፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በሐዘንና በደስታ አይለያይም። ከአጥር ወዲያ የልጅ ጩኸት ሲሰማ ግን ሲኒያችንን አናስቀምጥም። «እየቀጣው ነው» እንባባላለን። ልጁ ያንን ዝምታ ይሰማዋል። ከገመዱ ይልቅ ያ ዝምታ ይቆይበታል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም የገረፈው አንድ ሰው ነው፣ ዝም ያለው ግን ሰፈሩ በሙሉ ነው። ባይተዋርነት የሚጀምረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሰው መካከል እየኖረ ሰው እንደሌለው ያወቀ ልጅ በኋላ ሰፈሩን እንዲወድ፣ መምህሩን እንዲያከብር ብንጠይቀው ከየት ያመጣዋል?

ደግሞ ያልተመታም ይጎዳል። ማንነቱ እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ቀይሬ የአንድ ተማሪዬን ታሪክ ልንገራችሁ።

ክፍል ውስጥ ወንበር ሰብሮ «ወላጅ አምጣ» ተባለ። እኛ አገር የዲሲፕሊን መጀመሪያውም መጨረሻውም ይኸው ነው፤ ወላጅ አምጣ። አንድ አዛውንት ይዞ መጣ። «አጎቴ ናቸው» አለ። ሰውየው ቱታ ለብሰዋል፤ እጃቸው በግሪስ ጠቁሯል። ተማሪ ባጃጅ ነጂውንም ሊስትሮውንም አጎቴ ብሎ እንደሚያመጣ ስለማውቅ ጠረጠርኩ። እሳቸው ግን አልዋሹም። «አጎቱ አይደለሁም መምህር» አሉ። «ከትምህርት መልስ እኔ ጋ ጎማ ይፈታል። የሚያመጣው ሰው ስላጣ ነው።»

እናቱ ዓረብ አገር ናት። የሄደችው አራት ዓመቱ ላይ ነው። አባቱን አያውቀውም። ያሳደጉት አያቱ ናቸው፤ አብሮ የሚኖረው አጎቱ ግን ሲሰክር የሚይዘው ገመድ ነበረው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ወረቀት የሌላቸውን የውጭ አገር ዜጎች ስታባርር ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰው ነበር። የኛ ወሎ ልጆች በብዛት ነበሩበት። እናቱም መጣች። ልጁ ያን ቀን አያቱ ቀሚስ ሥር ገብቶ አልወጣም። ሲለምዳት ወራት ፈጀበት። ማታ ማታ አብሯት መተኛት ጀመረ። ከዚያ ተመልሳ ሄደች። «ልጅ እያለቀሰ አይሸኝም» ተብሎ ተኝቶ ሳለ ነው የወጣችው።

«ቲቸር፣ ስነቃ ቦታው ቀዝቅዟል» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። እኔም ሌላ አልጠየቅኩትም።

ከዚያ በኋላ እናት ማለት የኢሞ ጥሪ ሆነች። ብር ትልካለች፤ ጫማ ትልካለች። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ «ተማርልኝ» የሚለው ቃል ብቻ ይሰማል። እኔ ይህችን እናት አልወቅስም። ቆርቆሮ ቤቱን ያቆመችው፣ አያቱን ያሳከመችው በሰው ቤት ላቧ ነው። ብዙ የደቡብ ወሎ ቤት የቆመው በእንደ እሷ ያሉ ሴቶች ጉልበት ነው። ልጁም ይህን ያውቃል። እንዲያውም የሚያቃጥለው ይኸው ነው፤ ሊቆጣት እንኳ መብት የለውም። የምትለፋው ለሱ ነዋ። ስለዚህ ቁጣው ሌላ ሰው ይፈልጋል። ወንበር ይፈልጋል። «አየኝ» የሚባል መንገደኛ ይፈልጋል።

ጆን ቦውልቢ የተባለ እንግሊዛዊ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1944 በለንደን ስለ 44 ሌቦች ልጆች ጽፎ ነበር። ከእነሱ 14ቱን ለማንም ፍቅር የማያሳዩ ብሎ መደባቸው። ከ14ቱ 12ቱ በጨቅላነታቸው ከእናታቸው ለረጅም ጊዜ ተለያይተው ነበር። ጥናቱ በኋላ ተተችቷል፤ ልጆቹን የመረመረውም የመደበውም እሱ ራሱ ነውና። የጀመረው ጥያቄ ግን እስካሁን አልሞተም። ልጅ ሲለዩት መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ይቆጣል፤ ቀጥሎ ተስፋ ይቆርጣል፣ በመጨረሻ ዝም ይላል። ዝም ሲል «ለመደ» እንላለን።

ጦርነቱም አለ። በነሐሴ 2013 ከራያ፣ ከወልድያ፣ ከመርሳ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴን ሲሞላ ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ። ቀጥሎ በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ እስከ ኅዳር ማብቂያም ቆየ። ያኔ አሥር ዓመት ሳይሞላው በሐረጎ ቁልቁለት ከእናቱ ጋር በእግሩ የወረደ ልጅ፣ ሌሊቱን የተኩስ ድምፅ ሲቆጥር ያደረ ልጅ፣ አሁን ጎረምሳ ሆኖ እኔ ክፍል ተቀምጧል። ምን አየህ ብሎ የጠየቀው የለም። ትምህርት ሲከፈት ያለፈውን ምዕራፍ ከለስንና ቀጠልን። በር በኃይል ሲዘጋ ክፍሉ ውስጥ ማን ማን እንደሚደነግጥ ግን አያለሁ።

መከራ ደግሞ ይደራረባል። ቪንሰንት ፌሊቲና ሮበርት አንዳ የሚባሉ ሐኪሞች የመሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1998 መታተም የጀመረ ትልቅ ጥናት አለ። በካሊፎርኒያ ከ17 ሺህ በላይ ጎልማሶች ስለ ልጅነታቸው ተጠየቁ፦ ተመትተሃል ወይ፣ ተሰድበሃል ወይ፣ ወላጆችህ ተለያይተዋል ወይ፣ ቤት ውስጥ ሰካራም ነበር ወይ። ሁለት ሦስተኛው ቢያንስ አንዱ ደርሶብኛል አለ። ያውም አብዛኞቹ የጤና መድን ያላቸው፣ የተማሩ፣ ደህና ኑሮ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። አራትና ከዚያ በላይ የደረሰባቸው ሰዎች ለመጠጥ ሱስ፣ ለድብርትና ራስን ለማጥፋት ሙከራ ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። ቁጥሩ ሲጨምር አደጋውም ይጨምራል። የኔን ተማሪ በዚያ መጠይቅ ብታስቀምጡት አራቱን ገና አያቱ ቤት ሳለ ጨርሶታል።

እንዲህ ያለ ልጅ ሲወዱት ይፈትናል። ይህን ያላወቀ ሰው ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል። ትቀርበዋለህ፤ ሳምንት ደህና ይሆናል። ከዚያ በሰው ፊት ያዋርድሃል። ደብተር ትገዛለታለህ፤ ይሸጠዋል። ክፋት ይመስላል። እኔ ግን ደጋግሜ ያየሁት ሌላ ነው። ሰው እንደሚሄድ አንዴ አውቋል፤ ተኝቶ ሳለ ነው የሄዱበት። ሁለተኛ ተኝቶ አይያዝም። መሄድህ ካልቀረ ራሱ ሊያባርርህ ይፈልጋል። «ይኸው፣ አውቄው ነበር» ማለት ከመጠበቅ ይቀለዋል። አባቶች «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» ይላሉ፤ ማጭዱን እንከለክለዋለን፣ ሆዱ ለምን እንደባሰው ግን አንጠይቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ። ይህ ልጅ የመታው ሌላ ልጅ አለ። እሱም እናት አለችው፤ ጥርሱ የተሰበረው የሱ ነው። የተጎዳ ሁሉ ሌላውን አይጎዳም። እንደዚሁ ልጅ ተገርፈው፣ እናታቸው ሄዳባቸው፣ ማንንም ሳይነኩ ያደጉ አሉ፤ ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፤ ቁጣቸው ወደ ውስጥ ስለዞረ ማንም አያያቸውም። ስለዚህ «ምስኪን ነው፣ ተዉት» አልልም። ወንበር ከሰበረ ወንበር ይጠግን። ሰው ከመታ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ይካስ። የምቃወመው ገመድ ያበላሸውን በገመድ እናቃናለን የሚለውን ነው። ያንን ልጅ በጥፊ የመታው አዋቂ ቀድሞ የሚያውቀውን ነገር ነው ያረጋገጠለት።

በሃዋይ፣ ካዋይ በምትባል ደሴት፣ ኤሚ ወርነር የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረባዋ እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ ወደ 700 የሚጠጉ ልጆችን እስከ ጉልምስናቸው ተከታትለዋል። ከመካከላቸው በድህነት፣ በጠብ፣ በወላጅ ሕመም ቤት ያደጉት ነበሩ። ከእነዚህ ሲሦው ሥራና ትዳር ያላቸው፣ ለሰው የሚያዝኑ ሰዎች ሆነው አደጉ። ካገዟቸው ነገሮች አንዱ ምን ነበር? ያልተዋቸው አንድ አዋቂ። አያት ሊሆን ይችላል፣ ጎረቤት ሊሆን ይችላል፣ መምህር ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው፣ ግን የማይሄድ።

ወንበር ለሰበረው ለዚያ ልጅ ይህ ሰው «አጎቴ» ብሎ ያመጣቸው ጎሚስታ ሆኑ። ቤታቸው ወደ ኮምቦልቻ መውጫ ላይ ነው። ከባድ መኪና ጎማው ፈንድቶ ሲቆም ሌሊትም ይነሳሉ። ሥነ ልቦና የሚባል ትምህርት አልተማሩም። አንድ ቀን ልጁ ብሎን አልፈታ ብሎት፣ ሹፌሩ «ቶሎ በል አንተ ደንቆሮ» ቢለው ቁልፉን ወርውሮ የመኪናውን መብራት ሰበረ። ሮጦ ጠፋ። መብራቱን እሳቸው ከፈሉ። ልጁ ቀናት ቆይቶ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ሲያይ አገኙት። ምን እንዳሉት ጠየቅኳቸው።

«ምን እላለሁ? የአሥራ ሦስት ቁልፍ ያዝና ና አልኩት» አሉኝ።

«ስለ መብራቱስ?»

«ማታ ሒሳብ ስንዘጋ ነገርኩት። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይቆረጥበታል አልኩት። ተስማማ። ወላሂ፣ የሚባረር መስሎት ነበር የቆመው። ፊቱን አይቼ አወቅኩ።»

እሳቸውም ፊት ያነባሉ ማለት ነው። ስለ ልጅነታቸው በዝርዝር አልነገሩኝም፤ በ77ቱ ረሃብ ብዙ ቤተሰብ እንዳጡ ብቻ ነገሩኝ።

ልጁ ተለውጧል ብዬ አላወራም። አሁንም ይቆጣል። አሁንም ክፍል ውስጥ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። ግን ቁጣው ሲመጣ ወጥቶ ግቢውን ዞሮ የሚመለስበት ጊዜ አለ። የመብራቱን ዕዳ ጨርሷል። ያንን ሲነግረኝ ድምፁ ውስጥ የነበረውን ኩራት ብትሰሙት ደስ ይላችሁ ነበር።

በቅርቡ እናቱ ጠቅልላ መጣች። ትምህርት ቤት የመጣችው ማንም ሳይጠራት ነው። ሻርፗን እያስተካከለች ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «መምህር፣ ልጄ ለምንድነው የማያናግረኝ? ቤት ስገባ ይወጣል። የሠራሁትን አይበላም። ምን አድርጌው ነው?» አለችኝ። ምን እንዳደረገችው ያላወቀች አይመስለኝም፤ ማወቋ ነበር የሚያስለቅሳት።

ብዙ ነገር ልላት እችል ነበር። ያልኳት አንዱን ብቻ ነው። «ከቤት ሲወጡ ይንገሩት። ወደ ሱቅም ቢሆን፣ ወደ ለቅሶም ቢሆን። ተኝቶ ከሆነ ቀስቅሰው ይንገሩት። መቼ እንደሚመለሱም ይንገሩት፤ ባሉት ሰዓት ደግሞ ይመለሱ።»

«እሱ እኮ ጎረምሳ ነው መምህር» አለች። «ቲማቲም ልገዛ ነው ብዬ ብቀሰቅሰው ይስቅብኛል።»

«ይሳቅ» አልኳት። «ይሳቅብዎት፤ እርስዎ ይንገሩት።»